በስሕተት የተጻፈ ክብር የማን ዕዳ ነው?

ያልሠራነው በጎ ሥራ በስማችን ተጽፎ ብናገኝ ምን እናደርጋለን? የሠራነውስ ሳይጻፍ ቢቀር «ይጻፍልን» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነውን? ወይስ ክብርን መሻት ይሆንብናልና ዝም ማለት ይሻላል? ጥያቄው በአፍ ሲነገር ቀላል ይመስላል። እኛም አንድ ማመልከቻ ለመጻፍ ብዕር እስክናነሣ ድረስ ቀላል መስሎን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰመራ ዩኒቨርሲቲ የምንማር የአዋሽ ሰባት ኪሎ ልጆች ለዕረፍት ወደ ቤታችን ስንመለስ፥ ከሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት ጋር ሆነን ዐይናቸው ለደከመ አረጋውያን ደብዳቤና ማመልከቻ እንጽፋለን። ከእነዚህ አረጋውያን አንዱ ከድሮው ባቡር ጣቢያ አጠገብ የሚኖሩ፥ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የሚጠጋ፥ የቀድሞው ሠራዊት ሃምሳ አለቃ ናቸው። በ1969 ዓ.ም. በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥነው ወደ ምሥራቅ ግንባር ዘመቱ፤ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስም በሠራዊቱ ውስጥ ቆዩ። ስማቸውን እንዳንጽፍ ስላዘዙን በዚህ ጽሑፍ «አባባ» እያልን እንጠራቸዋለን።

አባባ ከፌስታል ውስጥ በጥንቃቄ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ስለ አገልግሎታቸው ከመዝገብ ተገልብጦ የተሰጣቸው ማስረጃ ነበር። «ልጆቼ፥ እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት አለ። አንዱ የጎደለ ነው፤ አንዱ የተረፈ ነው። ሁለቱንም ጻፉልኝ» አሉን። የጎደለው ስለ ረጅም ዘመን አገልግሎት የሚሰጠው ሜዳይ ነው። የተረፈው ግን በ1970 ዓ.ም. በካራማራ ውጊያ የቆሰለ ጓዱን ተሸክሞ ላወጣ ወታደር የተሰጠ የጀግንነት ሜዳይ ነው። «እኔ የተሸከምሁት ሰው የለም። የቆሰልሁት እኔ ነኝ፤ የተሸከመኝ እርሱ ነው» አሉ።

«እርሱ» የተባለው በአንድ ሻምበል ውስጥ አብሯቸው የነበረ፥ ስሙም የአባቱም ስም ከእርሳቸው ጋር አንድ የሆነ ወታደር ነው። አባባ ከሆስፒታል ሲመለሱ ሜዳዩ በእርሳቸው ስም ተመዝግቦ ጠበቃቸው። ወደ ጓደኛቸው ይዘውት ቢሄዱ እርሱ ስቆ፥ «አንተ ጋ ይቀመጥ፤ ስሙ እንደሆነ ያው ነው» አላቸው። ሁለቱም እንደ ቀልድ ቆጥረውት አለፉ። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. ግን አፍዓበት ላይ የናደው ዕዝ ሲፈርስ ያ ጓደኛ ከዚያ አልተመለሰም። በማኅደሩም ላይ አንዲት ቃል ብቻ ተጻፈች፤ «ጠፍቷል» የምትል።

አስተዋይ አንባቢ የዚህችን ቃል ጉዳት ይረዳል። በአማርኛችን «ጠፋ» ማለት የገባበት አልታወቀም ማለት ነው፤ በወታደር ቤት ግን ግዳጁን ጥሎ ኮበለለ ማለትም ይሆናል። ሰውዬው ስምንት ዓመት የሆናት አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። ጎረቤት ቃሏን በክፉው ወገን ተረጎመላትና ልጅቱ «የኮብላይ ልጅ» እየተባለች አደገች። ዛሬ ለሥራ ወደ ሰመራ ሄዳ ትኖራለች። አባባ ይህን የሰሙት ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ነው፤ ከዚያም በኋላ እንቅልፍ አልወስድ አላቸው።

ማመልከቻውን ልንጽፍ ስንቀመጥ አሳባችን ለሦስት ተከፈለ። ከመካከላችን አንዱ፥ «ሥራን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው፤ በስተርጅና ሜዳይ መጠየቅ ከንቱ ውዳሴን መፈለግ ነው፤ ይተዉት» አለ። ሁለተኛዋ፥ «የጎደለውን ብቻ እንጻፍ። የተረፈውን ብንነግራቸው ማኅደሩ በሙሉ ይጠረጠራል፤ ሽማግሌው በማያውቁት ጣጣ ይገባሉ» አለች። ሦስተኛው፥ «እንደ ቃላቸው ሁለቱም ይጻፍ» አለ። ሦስቱም አሳብ የመጣው ከቅን ልብ ስለሆነ አንዱንም በችኰላ መጣል አልተቻለም።

ወደ ክርክሩ ከመግባታችን በፊት መዝገብ እንዴት እንደሚሳሳት ማየት ይጠቅማል። በአገራችን እንደሚታወቀው የቤተሰብ ስም የለም፤ ሰው በስሙና በአባቱ ስም ይጠራል። የአያት ስም ካልተጨመረ በአንድ ሻለቃ ውስጥ ሁለትና ሦስት ሰዎች አንድ ስም ይዘው ይገኛሉ። ከዚህም ሌላ ሀሌታው «ሀ»፥ ሐመሩ «ሐ»ና ብዙኀኑ «ኀ» ድምፃቸው አንድ ነው፤ እንደዚሁም «ሰ»ና «ሠ»፥ «ጸ»ና «ፀ»። ስለዚህ የአንድ ሰው ስም በሦስት ጸሐፊዎች እጅ ሦስት ዐይነት ሆኖ ይጻፋል። በዓመተ ምሕረትና በፈረንጆች አቈጣጠር መካከል ያለው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ሲጨመርበት አንድ ወታደር ባልተቀጠረበት ዓመት ዘምቶ ሊገኝ ይችላል። በ1969 ዓ.ም. ደግሞ ገበሬው ከየክፍለ ሀገሩ ተጠርቶ በጥቂት ወራት ሥልጠና ወደ ግንባር ሲላክ ችኰላው ምን ያህል እንደነበረ መገመት አያዳግትም። ጸሐፊውም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቸኩሎ ነበር።

ከጸሐፊ ችኰላ የሚብስ ግን ሌላ አለ፤ እርሱም የመንግሥት መለዋወጥ ነው። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ በዱር በገደል የታገለው አርበኛ ወደ ኋላ ቀርቶ ባንዳ የነበረው በሹመት ቀደመው የሚል ቅሬታ ለብዙ ዘመን ተነግሯል። የጎጃሙ አርበኛ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጡ፤ ዛሬ ደግሞ በአዲስ አበባ መንገድ በስማቸው ይጠራል። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ መዝመት የጀመረው፥ ስሙንም ከራስ መኰንን የጦር ፈረስ የወሰደው የቃኘው ሻለቃ፥ ከ120 በላይ ሰዎች ሞተውበትና ከ500 በላይ ቆስለውበት አንድም ምርኮኛ ሳያስይዝ ተመለሰ። የተባበሩት መንግሥታት ለዚያ ዘመቻ ያሠራው ሜዳይ በአማርኛ ጽሑፍም ተዘጋጅቶ ነበር። ሆኖም ከ1967 ዓ.ም. በኋላ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ስለ ተወዳጀ ያ ሜዳይ በአደባባይ የሚያኮራ መሆኑ ቀረ። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ተራው የሌላው ሠራዊት ሆነ፤ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋው የቀድሞ ሠራዊት ሲበተን የካራማራውም ዘማች «የደርግ ወታደር» ተብሎ ወደየመንደሩ ገባ።

እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ሜዳይ ከመንግሥት ጋር ይወጣል፥ ከመንግሥትም ጋር ይወርዳል፤ የተሠራው ሥራ ግን በዚያው ቀን እንደተሠራ ይኖራል። በጨለማ የተሸከመ ሰው ተሸክሟል፤ ማንም ሊያስቀርበት አይችልም። ይህ ከሆነ ታዲያ መዝገቡ ለምን ያስፈልጋል? የመጀመሪያው ወንድማችን ጥያቄ ይኸው ነበር።

መልሱን ስንፈልግ በመጽሐፈ አስቴር ያለው የመርዶክዮስ ታሪክ ትዝ አለን። መርዶክዮስ ንጉሡን ከሞት አድኖ ነበር፤ ነገሩ በታሪክ መዝገብ ተጽፎ ሳለ አንዳች አልተደረገለትም። እርሱም «የት አለ ዋጋዬ?» ብሎ አልጠየቀም። ንጉሡ እንቅልፍ ባጣበት ሌሊት መዝገቡ ሲነበብለት ግን ለዚህ ሰው ምን እንደተደረገለት የጠየቀው ንጉሡ ራሱ ነው። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ሰዎች አሉ፤ አንዱ የሠራው ነው፥ ሌላው መዝገቡን የሚጠብቀው ነው። የሠራው ዝም ቢል ትሕትና ይባልለታል፤ መዝገብ ጠባቂው ዝም ቢል ግን ጥፋት ነው።

ታዲያ አባባ ከሁለቱ የትኛው ናቸው? ስለ ረጅም ዘመን አገልግሎታቸው ሲጠይቁ የሠሩት እርሳቸው ናቸው፤ ቢተዉትም የሚጎዳባቸው የለም። ስለ ጓደኛቸው ሲናገሩ ግን ሠሪ አይደሉም፤ በሕይወት የቀሩ ምስክር ናቸው። የዚያ ሥራ መዝገብ ዛሬ በምድር ላይ ያለው በእርሳቸው ልብ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ወንድማችን ያነሣው ትሕትና ለመጀመሪያው ጥያቄ ይሠራል፤ ለሁለተኛው ግን አይሠራም። ስለ ራስ ዝም ማለት ትሕትና ሊሆን ይችላል፤ ስለ ሌላው ዝም ማለት ግን ምስክርነትን መሸሸግ ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። የሁለት ሰው ስም አንድ ሲሆን ግን አንዱ ከላይ ውሎ ሌላው ከታች ሊቀር ነው።

የሁለተኛዋ እኅታችን አሳብ ከዚህ ይከብዳል። ፍርሃቷ ከንቱ አይደለም። በጡረታ ገንዘብ የሚኖር ቤት ውስጥ ያደገች ስለሆነች፥ ማኅደር አንድ ጊዜ ከተጠረጠረ ሰው በየቢሮው በር ስንት ቀን እንደሚቆም ታውቃለች። ስለዚህ አሳቧን ለራሳቸው ለአባባ ነገርናቸው። ብዙ አሰቡና፥ «እውነት ጠያቂ ሆኜ ሄጄ ግማሹን ከደበቅሁ ምን ልባል ነው? የጎደለብኝን ስጡኝ ብዬ የተረፈኝን ብይዝ ነጋዴ ነኝ እንጂ ባለ አቤቱታ አይደለሁም» አሉ። እኅታችንም ዝም አለች።

የሌላውም ዓለም ልምድ ቢሆን ይህንኑ ያሳያል። በአሜሪካ አገር በ1946 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ መሠረት የጦር መዝገብን የሚያርሙ ቦርዶች ተቋቁመዋል። ወታደሩ ወይም ወራሹ ስሕተቱን ባወቀ በ3 ዓመት ውስጥ ማመልከት አለበት፤ ለፍትሕ ሲባል ግን ቦርዱ የጊዜውን ገደብ ሊያልፈው ይችላል። ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም በአመልካቹ ላይ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. በሴንት ሉዊስ ከተማ በተነሣ ቃጠሎ ከ16 ሚሊዮን በላይ የወታደር ማኅደሮች ስለ ተቃጠሉ ብዙዎች ማስረጃቸውን ከሌላ ቦታ ለመሰብሰብ ተገደዱ። ሄንሪ ጆንሰን የተባለው ጥቁር ወታደር በ1918 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ምድር ለሠራው ጀግንነት የአገሩ ከፍተኛ ሜዳይ የተሰጠው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው፤ እርሱ ግን በ1929 እ.ኤ.አ. ሞቶ ነበር።

መጨመር ብቻ ሳይሆን መቀነስም ነበረ። በ1917 እ.ኤ.አ. የዚያው ከፍተኛ ሜዳይ ዝርዝር ተመርምሮ 911 ስሞች ተሰረዙ። ከተሰረዙት መካከል በእርስ በርስ ጦርነታቸው ቁስለኞችን ያከመች ሜሪ ዎከር የምትባል ሐኪም ነበረች። ሜዳዩን አልመልስም ብላ እስከ ዕለተ ሞቷ በደረቷ ላይ አደረገችው፤ በ1977 እ.ኤ.አ. ስሟ ወደ ዝርዝሩ ተመለሰ። ይህ ሁሉ የሚያስተምረን ማረም በሁለት በኩል የሚቈርጥ ሥራ መሆኑን ነው። የማይገባው የማይወጣበት ዝርዝር ለሚገባው ክብር አይሆነውም፤ ለማውጣት የቸኰለ እጅም ራሱ ሊሳሳት ይችላል።

እንግዲህ ሁለቱም እንዲጻፍ ተስማማንና መጻፍ ጀመርን። እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ጥፋት ሳንናገር ብናልፍ ይህ ጽሑፍ ሐሰት ይሆናል። ከመካከላችን ብዕሩን የያዘው ማመልከቻው ልብ እንዲነካ ብሎ ጓደኛቸው በጥይት ዝናብና በእሳት መካከል፥ ብቻውን ጠላትን እየተጋፈጠ፥ ለሁለት ሰዓት እንደተሸከማቸው ጻፈ። እኛም ሰምተን «ግሩም ነው» አልን። አባባ ሁለት ጊዜ አስነበቡንና፥ «ይህን ማን ነገራችሁ?» አሉ። «ሌሊት ነበር። ብዙ ደም ፈሶኝ ነበር። የማስታውሰው አንገቱን አቅፌ እንደነበርና ሁለት ጊዜ መሬት ላይ እንዳሳረፈኝ ነው። ሁለት ሰዓት ይሁን ግማሽ ሰዓት አላውቅም። የማላውቀውን አትጻፉብኝ» አሉ።

ያን ጊዜ አፈርን። በመዝገቡ ላይ ያሉትን ሁለት ስሕተቶች ልናርም ተቀምጠን ሦስተኛ ልንጨምር ነበር። ያውም በክፋት አልነበረም፤ በፍቅር ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተረዳነው፥ ሐሰት ወደ መዝገብ የሚገባው ሁልጊዜ በሌባ እጅ እንዳልሆነ ነው። በቸኰለ ጸሐፊ ይገባል፤ እንደ ቀልድ በሚያልፍ ጓደኛ ይገባል፤ በጎ አድርጎ ለመናገር በሚጓጓ ወጣትም ይገባል።

ሌላም አስቸጋሪ ነገር ነበር። አባባ አፍዓበት ላይ አልነበሩም፤ ክፍላቸው በሌላ ግንባር ነበር። ስለዚህ ጓደኛቸው በዚያ ቀን ወደቀ ወይስ ሸሸ ብለው ሊመሰክሩ አይችሉም። እኛ «በጀግንነት ተሠዋ ተብሎ ይታረም» ልንል ወደድን፤ እርሳቸው እምቢ አሉ። በመጨረሻ የጻፍነው፥ «ጠፍቷል» የሚለው ቃል በምን ትርጉም እንደተጻፈ ተጣርቶ ይገለጽ፤ ኮበለለ የሚያሰኝ ማስረጃ ከሌለም ቃሉ ይህን በማያስተረጉም አኳኋን ይስተካከል የሚል ነው። አጭር ናት፤ ግን ከእውነቱ አንድ እርምጃ አላለፈችም። ጉዳዩን የሚያየው ቢሮም ማስረጃ ቢጠይቅ ልናዝንበት አይገባም። ማንም በአፉ ብቻ ሜዳይ የሚያስጽፍ ወይም የሚያሰርዝ ከሆነ የዚያ ሜዳይ ዋጋ ምንድን ነው? ቢሮው ጥፋተኛ የሚሆነው ማስረጃ በመጠየቁ ሳይሆን፥ ምስክሮቹ አንድ በአንድ እስኪያልቁ ድረስ ሳይጠይቅ ቢቀር ነው።

ትምህርት ሲከፈት በገዋኔና በሚሌ አድርገን ወደ ሰመራ ስንመለስ የማመልከቻውን ግልባጭ ይዘን ሄድን። የዚያን ወታደር ልጅ፥ አሁን የልጆች እናት የሆኑትን እትዬን፥ ፀሐይ ስትበርድ ቤታቸው ሄደን አነበብንላቸው። እንደሚያለቅሱ ጠብቀን ነበር፤ አላለቀሱም። አንብበን ስንጨርስ፥ «እሺ፥ ሸሽቷል ወይስ አልሸሸም?» ብለው ጠየቁን። «አናውቅም፥ እትዬ። የሚታወቀው በካራማራ ሰው መሸከሙ ነው» አልናቸው። ቀጥለውም፥ «ሰውዬው ይህን ሁሉ ዓመት የት ነበሩ? እናቴ ይህን ሳትሰማ ሞተች» አሉ። መልስ አልነበረንም።

ቃላቸውን በስልክ ለአባባ አደረስን። እንደሚከፉ ፈርተን ነበር። «እውነቷን ነው። እርሱ ተወው ሲለኝ የተወልኝ ሜዳዩን ነው እንጂ የልጁን ስም አልነበረም። እኔ ግን ሁሉንም የተወልኝ አድርጌ ያዝሁት» አሉ። በዚህ ንግግር ውስጥ ለርእሳችን መልስ ያለ ይመስለናል። ባለቤቱ የራሱን ክብር ለወዳጁ ሊሰጥ ይችላል፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጡት ከዚያ ክብር ያላቸውን ድርሻ ግን ሊሰጥባቸው አይችልም። ስለዚህ በስሕተት የተጻፈ ክብር የተቀባዩ ዕዳ ነው፤ ሳይጠይቅ ቢሰጠውም፥ ባለቤቱ ስቆ ቢተውለትም ዕዳው በእርሱ ላይ ነው። ዕዳውም በዝምታ እየቆየ በሄደ ቁጥር ወለድ ይወልዳል፤ ወለዱን የሚከፍለው ግን ብዙ ጊዜ ያልተበደረ ሰው ነው።

ይህ እስከ ተጻፈበት ቀን ድረስ ለማመልከቻው መልስ አልመጣም። እትዬ ግን ግልባጩን ተቀብለው የአባታቸውን ሙሉ ስም እስከ አያታቸው፥ የተወለዱበትንም ቀበሌ በራሳቸው እጅ ጨምረው ጻፉበት። ሁለተኛ ማመልከቻ ሲጻፍ ከአባባ ቃል ጋር ተያይዞ ይላካል።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ በየአጥቢያችን እንዲህ ያሉ አባቶች አሉ። ጊዜ ሳለ ሄደን እንጻፍላቸው። ስንጽፍም ስም እስከ አያት ይሁን፤ የክፍሉ ስምና ዓመቱ ከነአቈጣጠሩ ይገለጽ፤ በዐይን የታየው ለብቻ፥ በወሬ የተሰማው ለብቻ ይጻፍ፤ አንዱ ቅጂ ከባለቤቱ ዘንድ ይቅር። ከራሳችንም እንጀምር። በዩኒቨርሲቲ የቡድን ሥራ ሲሰጠን ያልሠራው ጓደኛችን ስም ከሠሩት ጋር ይጻፋል፤ የሠራው ስም ደግሞ አንዳንዴ ይዘለላል፤ ሁላችንም ስቀን እናልፈዋለን። ሜዳይ አይደለምና ቀላል ይመስላል። ለአባባም ነገሩ የጀመረው በሣቅ ነበር።